ጠጅ በቤት መጣል፦ በ1 ኪሎ ማር ለሚጀምር ሰው

ጥሩ የቤት ጠጅ ቀምሶ የሚያውቅ ሰው በየጠጅ ቤቱ የሚቀዳውን ሲጠጣ ልዩነቱ ወዲያው ይገባዋል። ማር ተወዷል። በዚህ የተነሳ በብዙ ቦታ ማሩ አንሶ ስኳሩ በዝቷል። ቀለም የሚጨምሩም አሉ። ይህ ነገር በጣም ያሳዝነኛል፤ ንጹሕ የማር ጠጅ መጣል ሰው እንደሚፈራው ከባድ ሥራ አይደለምና። ማር፣ ውሃ፣ ጌሾና ንጹሕ ዕቃ ካለ የሚቀረው ሦስት ሳምንት ገደማ መታገስ ነው።

ይህ መመሪያ ጠጅ ጥሎ ለማያውቅ ሰው ነው። ጋን ሙሉ ከመሞከራችሁ በፊት በ1 ኪሎ ማር ጀምሩ። ሦስት ሊትር ተኩል የሚጠጋ ጠጅ ይወጣዋል። ለቤተሰብ ይበቃል፤ ቢበላሽም ኪሳራው ትንሽ ነው። በየቀኑ እየቀመሱ ለመማርም የሚመቸው እንዲህ ያለው ትንሽ መጠን ነው።

መጀመሪያ ማሩ

የጠጁ ጣዕም ከሁሉ በፊት የሚወሰነው ማር ስትገዙ ነው። ለጠጅ የሚመረጠው ያልተጣራ፣ ከነሰፈፉ ያለ ማር ነው። የትግራይና የላስታ ነጭ ማር፣ የሸካው የጌተም ዛፍ ማር ለገበታ የሚፈለጉ፣ ዋጋቸውም የበረታ ነው። ለጀማሪ ቀላ ያለው ማር ይሻላል። ዋጋው ይቀላል፤ ጣዕሙም ጠንከር ስለሚል ጌሾው አይውጠውም። በነጭ ማር የተጣለ ጠጅ ቀለሙ ፈዛዛ፣ ጣዕሙ ለስላሳ ይሆናል። እሱን ቆይታችሁ ትሞክሩታላችሁ።

በብዙ ደጋማ አካባቢ ማር በብዛት የሚቆረጠው ክረምቱ ወጥቶ አበባው ካለፈ በኋላ፣ በጥቅምትና በኅዳር ነው። ከቻላችሁ ያኔ ግዙ። ማር በደንብ ከተከደነ አይበላሽም፤ ለገናም ለፋሲካም ይደርሳል።

ስለ ሐሰተኛ ማር ብዙ ሰው ይጨነቃል፣ ልክም ነው። ውሃ ውስጥ ጠብ ማድረግ፣ ክብሪት ነክሮ መጫር፣ በጣት ማሸት የሚባሉት መፈተኛዎች ግን አያስተማምኑም። ሽሮፕ በደንብ አወፍሮ የሚቀላቅል ሰው ሁሉንም ያልፋል። የሚሻለው ሰፈፉ ውስጡ ያለበትን መግዛትና አንድ የታመነ ሻጭ መያዝ ነው። ማር መርጋቱ ደግሞ የሐሰት ምልክት አይደለም። ንጹሕ ማርም ይረጋል።

የሱፐርማርኬት ማር ብቻ ካላችሁም ይሆናል። ብዙ ጊዜ ሞቆ የተጣራ ስለሆነ በውስጡ ያለው የተፈጥሮ እርሾ ተዳክሟል፤ ስለዚህ መፍላት ለመጀመር ይዘገያል። መፍትሔውን ወደ በኋላ እነግራችኋለሁ።

ልኩ፦ በኪሎ ነው ወይስ በጣሳ?

እዚህ ላይ ብዙ ጀማሪ ይሳሳታል። «አንድ ማር ለሦስት ውሃ» ሲባል ይሰማና አንድ ኪሎ ማር በሦስት ሊትር ውሃ ይበርዛል። ሌላው ደግሞ አንድ ጣሳ ማር በሦስት ጣሳ ውሃ ይበርዛል። ሁለቱም «አንድ ለሦስት» ብለዋል። የሚያገኙት ጠጅ ግን ለየቅል ነው።

ምክንያቱ ማር ከውሃ ስለሚከብድ ነው። አንድ ሊትር ማር 1.4 ኪሎ ገደማ ይመዝናል። በጣሳ የለካው ሰው ለ1 ኪሎ ማር የጨመረው ውሃ ከ2 ሊትር ብዙም አይበልጥም። የእሱ ብርዝ በጣም ወፍራም ነው፤ ቀስ ብሎ ይፈላል፤ ደርሶም ጣፋጭ ሆኖ የመቅረት ዕድሉ ሰፊ ነው። ለድግስ የቆየ፣ ጠንካራ ጠጅ የሚጥሉ ባለሙያዎች በዚህ መጠን ይሠራሉ። ለመጀመሪያ ጊዜ ግን አልመክርም።

ሒሳቡን ማወቅ ይጠቅማል። ከ100 ግራም ማር ውስጥ 80 ግራም ያህሉ ስኳር ነው። በአንድ ሊትር ውስጥ 17 ግራም ያህል ስኳር ሲፈላ 1 በመቶ አልኮል ይሰጣል። 1 ኪሎ ማር በ3 ሊትር ውሃ ሲበረዝ 3.7 ሊትር ገደማ ይሆናል፤ በሊትር 216 ግራም ስኳር ማለት ነው። ስኳሩ ሙሉ በሙሉ ቢያልቅ ጠጁ 13 በመቶ ገደማ አልኮል ይኖረዋል፤ የወይን ጠጅ ያህል። በ4 ሊትር ውሃ ከበረዛችሁት ወደ 10 በመቶ፣ በ5 ሊትር ወደ 8 በመቶ ይወርዳል። በተግባር ሁሉም ስኳር ሳያልቅ ስለሚጠጣ ከዚህ ያንሳል።

የኔ ምክር ለመጀመሪያው 1 ኪሎ ማር፣ 3 ሊትር ውሃ ነው። ማሩን በሚዛን፣ ውሃውን በሊትር ለኩ። የተጠቀማችሁበትን መጠንም ከነቀኑ ጻፉት።

ጌሾው

ለጠጅ የሚሆነው የጌሾ እንጨት ነው። ቅጠሉ ለጠላ ነው። ሱቅ ስትሄዱ «ጌሾ» ብቻ ካላችሁ የተፈጨ ቅጠል ሊሰጧችሁ ይችላሉ፤ ስለዚህ «የጠጅ ጌሾ፣ እንጨቱን» በሉ። ዋሽንግተንና አካባቢው ያላችሁም በሐበሻ ሱቆች ደርቆ ታሽጎ ታገኙታላችሁ።

ለ1 ኪሎ ማር 100 ግራም ያህል ደረቅ እንጨት ይበቃል። ቀጫጭኑን ምረጡ፤ ምሬቱ ያለው ልጡ ላይ ነውና። ወፍራም ግንድ ክብደቱ እንጂ ጣዕሙ ብዙ አይደለም። ስትቆርጡት ልጡ ቡናማ፣ ውስጡ ቢጫ ቢጤ መሆን አለበት። ሻጋታ የሸተተውን አትውሰዱ።

ጌሾ ማሩን የሚመዝን ምሬት ይሰጣል። ሆፕ የተባለው ተክል በቢራ ውስጥ እንደሚያደርገው ሁሉ ጠጁን የሚያበላሹ ባክቴሪያዎችንም ይገታል።

ዕቃው

አምስት ሊትር የሚይዝ፣ አፉ ሰፊ የሆነ የመስታወት ዕቃ ለጀማሪ ከሁሉ ይሻላል፤ በውስጡ የሚሆነው ሁሉ ይታያል። ለምግብ የተሠራ የፕላስቲክ ባልዲም ይሆናል። የዘይት ጀሪካን አይሁን፤ የፈለገውን ያህል ቢታጠብ ሽታው አይለቅም። አልሙኒየም ብረት ድስትም ለመቀቀያ እንጂ ለማፍያ አይሆንም፤ ጠጅ ኮምጣጣነት ስላለው ከብረቱ ጋር አይስማማም።

እንስራ ካላችሁ ጣዕሙ ሌላ ነው። ግን ሥራ አለው። ግራዋ ቅጠል ጨምድዳችሁ በውሃ ውስጡን እሹት፤ አረንጓዴ አረፋ እስኪያወጣ። ደጋግማችሁ አለቅልቁና ፀሐይ ላይ አድርቁት። ከዚያ የወይራ እንጨት ፍም ላይ አድርጋችሁ ጭሱ ሲነሳ እንስራውን ደፍታችሁ እጠኑት። ጭሱ ዕቃውን ያጸዳዋል፤ ለጠጁም ያንን የምናውቀውን ጠረን ይሰጠዋል። መስታወት ሙቀት ስለሚሰነጥቀው፣ ፕላስቲክ ስለሚቀልጥ አይታጠኑም። እነሱን በሳሙና አጥባችሁ፣ ሳሙናው ፈጽሞ እስኪለቅ አለቅልቋቸው።

ከዚህ ሌላ የእንጨት ማማሰያ፣ ንጹሕ ነጭ ሻሽ፣ ላስቲክ ወይም ክር፣ ለመቅጃ ቀጭን ቱቦ ያስፈልጋችኋል።

ደረጃ 1፦ ማሩን መበረዝ

የቧንቧ ውሃ ክሎሪን አለው። ክሎሪን ደግሞ እርሾውን ያዳክማል። ስለዚህ ውሃውን ከዋዜማው አፍልታችሁ አቀዝቅዙት።

ውሃውን ለብ አድርጉት። ጣት ሲገባበት የሚያቃጥል መሆን የለበትም። ማሩን ጨምሩና ከታች የተኛው ሁሉ እስኪሟሟ አማስሉ። ማሩን መቀቀል አያስፈልግም። ከተቀቀለ የአበባው ጠረን ይጠፋል፤ የተፈጥሮ እርሾውም ይሞታል። ሰፈፉ ላይ ሲንሳፈፍ አትጨነቁ፤ ለአሁኑ ይቆይ።

ዕቃውን እስከ አፉ አትሙሉት። ቢያንስ አንድ አራተኛው ባዶ ይሁን፤ አለበለዚያ ሲፈላ ይገነፍላል። አፉን በሻሽ ሸፍናችሁ እሰሩ። ፀሐይ የማይነካው፣ ሞቅ ያለ ቦታ አስቀምጡት። ከ20 እስከ 25 ዲግሪ ጥሩ ነው። በአዲስ አበባ ክረምት ይህ በቀላሉ አይገኝም፤ ወጥ ቤት ውስጥ፣ ከምድጃው ራቅ ብሎ ማስቀመጥ ይረዳል። በብርድ ልብስ መጠቅለልም ይቻላል።

አሁን በእጃችሁ ያለው ብርዝ ነው። በዕለቱ አልኮል ስለሌለው የማይጠጣ ሰውም ይጎነጨዋል፤ በሙስሊሞች ድግስ የሚቀርብም ነው። ዓመት ላልሞላው ሕፃን ግን ማር ያለበት ነገር አይሰጥም።

ደረጃ 2፦ ሰፈፉን መግፈፍ

በሁለተኛው ወይም በሦስተኛው ቀን ሻሹን ግለጡት። ጥቃቅን አረፋ ጠርዙን ይዞ ታያላችሁ። ጆሮ ጠጋ ሲደረግ ሽሽ የሚል ድምፅ አለው። ሽታው ከማርነት ወጥቶ ትንሽ የእርሾ ጠረን ይይዛል። መፍላት ጀምሯል ማለት ነው።

ላይ የተንሳፈፈውን ሰፈፍና የንብ ቁራጭ በንጹሕ ማንኪያ ግፈፉት። ጠብታውን ወደ ዕቃው መልሱ።

ደረጃ 3፦ ጌሾውን መቀቀል

ጌሾውን በጣት ርዝመት ቆርጣችሁ አቧራው እስኪለቅ እጠቡት። ከዕቃው አንድ ሊትር ያህል ብርዝ ቅዱና ከጌሾው ጋር ድስት ውስጥ ጨምሩ። በቀስታ እሳት ከ15 እስከ 20 ደቂቃ ይቀቀል። ሲቀቀል ቀለሙ ወርቃማ እየሆነ ይመጣል። ቤቱን የሚሞላው ሽታ የጠጅ ቤት ሽታ ነው፤ የሚያውቀው ሰው ከበር ላይ ይለየዋል።

ድስቱን ከድናችሁ ፈጽሞ እስኪቀዘቅዝ ጠብቁ። ትኩሱን ከጨመራችሁት በዕቃው ውስጥ ያለውን እርሾ ይገድለዋል። ሲቀዘቅዝ ከነእንጨቱ መልሱት፣ አማስሉ፣ ሸፍኑ።

ደረጃ 4፦ ማማሰልና መቅመስ

ከዚህ በኋላ በየቀኑ አንድ ጊዜ በንጹሕ ማማሰያ ከታች እስከ ላይ አማስሉት። ጋዙ ይወጣል፣ እርሾውም ከታች ተኝቶ አይቀርም። ስታማስሉ አረፋው ከፍ ብሎ ይነሳል፤ ስለዚህ በቀስታ።

በየቀኑም አንድ ማንኪያ ቅመሱ። ለኔ የጠጅ ትምህርት ይሄ ነው። በመጀመሪያዎቹ ቀናት የምትቀምሱት ጣፋጭ ማር ነው። ጌሾው ከገባ በኋላ መረር ይላል። በሳምንቱ ጣፋጩ ይቀንስና ምላስን ቆንጠጥ የሚያደርግ ነገር ይመጣል። ከዚያ ማሩ፣ ምሬቱና ኮምጣጣነቱ ይቀራረባሉ። ይህን ለውጥ በምላሱ የተከታተለ ሰው በሚቀጥለው ጊዜ ሰዓት ሳያይ መድረሱን ያውቃል። ሃይድሮሜትር (የስኳሩን መጠን የሚለካ መሣሪያ) ያላቸው በእሱ ይለኩ፤ ለጀማሪ ግን ምላስና ደብተር ይበቃሉ።

ምሬቱ በቃኝ ያላችሁ ቀን ጌሾውን አውጡት። አብዛኛውን ጊዜ ከአምስት እስከ አሥር ቀን ባለው ውስጥ ነው። ጠንከር ያለ የሚወድ ያቆየዋል።

ከሁለት ሳምንት በኋላ አረፋው እየቀነሰ ይሄዳል። ያኔ ማማሰሉን አቁሙ። መፍላቱ ጋብ ሲል ጠጁን የሚጠብቀው ጋዝ ስለሚቀንስ አየር ሲበዛበት ወደ ኮምጣጤ ይሄዳል። ከሻሹ ላይ ላላ ያለ ክዳን ጨምሩበት።

ቆላ ያለ ሰው በሁለት ሳምንት ሊያደርስ ይችላል። ደጋ ያለው ሦስት፣ አንዳንዴ አራት ሳምንት ይጠብቃል። ቀኑን ሳይሆን ጠጁን እዩ።

ደረጃ 5፦ ማጥለልና መቅዳት

አምቡላው (ዝቃጩ) ከታች ሲተኛ፣ ላዩም ጠራ ማለት ሲጀምር ደርሷል። ዕቃውን ሳትነቀንቁ ከላይ በቱቦ ቅዱ ወይም ቀስ ብላችሁ በታጠፈ ሻሽ አጥልሉ። የቤት ጠጅ እንደ ፋብሪካ ወይን ጥርት አይልም። ጉሽነቱ አያሳስባችሁ።

በጠርሙስ ስትሞሉ አንድ ነገር አደራ። ጠጁ በውስጡ ስኳር ካለ መፍላቱን አላቆመም። ጋዙ መውጫ ካጣ የመስታወት ጠርሙስ ይፈነዳል፤ ሰውም ይጎዳል። ስለዚህ ክዳኑን አጥብቃችሁ አትዝጉ፤ ፍሪጅ ውስጥም አስቀምጡ። ለጀማሪ አንድ ጥሩ ዘዴ አለ። ታጥቦ የደረቀ የሃይላንድ ጠርሙስ ውስጥ ሙሉና በየቀኑ ጫን ጫን አድርጉት። እንደ ድንጋይ ከጠነከረ ክዳኑን ላላ አድርጋችሁ ጋዙን አስወጡ። ሲለሰልስ መልሳችሁ ዝጉ።

ፍሪጅ ውስጥ አንድ ሳምንት ቢያርፍ ጣዕሙ ይስማማል። ከዚያ ብርሌ ካላችሁ በብርሌ፣ በቀስታ ቅዱ። ጠጅ ጣፋጭነቱ ጉልበቱን ይደብቃል፤ ሁለት ብርሌ የጠጣ ሰው መኪና መንዳት የለበትም። ለነፍሰ ጡርም አይቀርብም።

ነገሩ ባይሄድስ?

በአራተኛው ቀን ምንም አረፋ ከሌለ ወይ ቦታው ቀዝቅዟል፣ ወይ ማሩ በሙቀት የተጣራ ነው። መጀመሪያ ወደ ሞቃት ቦታ አዛውሩት። ካልሆነ ሰፈፍ ያለበት ጥሬ ማር ሁለት ሦስት ማንኪያ ጨምሩ። እሱም ካልሠራ ሩብ የሻይ ማንኪያ የወይን እርሾ ለብ ባለ ውሃ በጥብጣችሁ ጨምሩበት። የዳቦ እርሾም ያፈላዋል፤ ጣዕሙ ግን ወደ ዳቦ ያደላል።

ላዩ ላይ ስስ፣ ለስላሳ ነጭ ሽፋን ከታየ ግፈፉትና አየር እንዳይበዛበት ክደኑ፤ ቶሎም ጠጡት። ጸጉር ያለው፣ አረንጓዴ ወይም ጥቁር ሻጋታ ከሆነ ግን ሁሉንም ድፉት። ከላዩ ገፍፎ የቀረውን መጠጣት አይገባም።

የተበላሸ እንቁላል የሚመስል ሽታ አንዳንዴ በመካከል ይመጣል። ማር ለእርሾው የሚሆን ምግብ ከስኳር ሌላ ብዙ የለውም፤ እርሾው ሲቸገር ይህን ሽታ ያወጣል። በደንብ ሲማሰል አብዛኛውን ጊዜ ይጠፋል።

በጣም የመረረውን በማር ማስታረቅ ይቻላል። አፍንጫ የሚመታ ኮምጣጤ የሆነው ግን አይመለስም። ለሰላጣ ይሆናል።

ሕጉን በተመለከተ፣ ያላችሁበትን አገር እወቁ። በአሜሪካ የፌዴራሉ ሕግ አንድ አዋቂ ለራሱ መጠጫ በዓመት እስከ 100 ጋሎን፣ ሁለትና ከዚያ በላይ አዋቂ ያለበት ቤት እስከ 200 ጋሎን ወይን መሰል መጠጥ እንዲሠራ ይፈቅዳል። መሸጥ ግን ፈቃድ ይጠይቃል። ሳዑዲና ኩዌት ያላችሁ እኅቶችና ወንድሞች፣ እዚያ አልኮል መሥራት በሕግ የተከለከለ ስለሆነ ይህን አትሞክሩ። በዕለቱ የሚጠጣ ብርዝ ይበቃችኋል።

ሁለተኛውን ስትጥሉ

በአንድ ጊዜ አንድ ነገር ብቻ ቀይሩ። ማሩን ከቀየራችሁ ውሃውና ጌሾው እንደነበሩ ይሁኑ። ውሃውን ወደ 4 ሊትር ካሳደጋችሁ ማሩ ያው ይሁን። ሁሉንም አንድ ላይ የቀየረ ሰው ጠጁ ቢጥመውም ለምን እንደጣመው አያውቅም።

ከታች ከቀረው ጥሩ ሽታ ያለው አምቡላ ግማሽ ብርጭቆ ቀንሱና ክዳኑን ላላ አድርጋችሁ ፍሪጅ ውስጥ አስቀምጡ። በሳምንት ውስጥ አዲስ ብርዝ ከበረዛችሁ ይህን ጨምሩበት። የለመደ እርሾ ስላለው ሁለት ሦስት ቀን መጠበቅ አያስፈልግም፤ በማግስቱ መፍላት ይጀምራል።